ድምፅ የተከለከለችው ሸማኔ

ክሌመንት ቶርሊ በሃያ ስድስት ዓመቱ እንደገና አፍ መፍታት ጀመረ። አስተማሪው ዚላ ፖላርድ ነበሩ፤ በዌድሾ ፋብሪካ አርባ ዓመት ሙሉ አራት የሽመና መኪና ሲያሠሩ የኖሩ፣ የፊት ጥርሳቸው ያለቀ፣ ጆሯቸው ከመኪናው ጩኸት የተነሣ ግማሹ የሄደ ሴት። እሑድ እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ ማብሰያ ክፍላቸው ውስጥ ፊት ለፊታቸው ያስቀምጡትና፣ ድምፅ ሳያወጡ አፋቸውን እየከፈቱ እየዘጉ ቆይተው «በል፣ ምን አልኩህ?» ይሉታል።

«ድንቹ ተቃጠለ አሉኝ።»

«አክስቴ ሞተች ነው ያልኩህ። ድንቹ ደኅና ነው። እንደገና፣ ሆዴ። ከንፈሬን ብቻ አትይ፤ ጉንጬንም እይ።»

በሽመናው አዳራሽ አምስት መቶ መኪና በአንድ ጊዜ ሲንጫጫ ሰው የራሱን ሳል እንኳ አይሰማም። ስለዚህ የዌድሾ ሸማኔዎች ከእናቶቻቸው የወረሱት የከንፈር ወሬ አላቸው። ቃሉን በከንፈርና በጉንጭ እየለጠጡ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ያወራሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይታረቃሉ፣ ሰው ያማሉ። የቢሮ ሰው ይህን አያውቅም። ክሌመንት ደግሞ የቢሮ ሰው ነበር፤ የሥራ አስኪያጁ የሚስተር ቶርሊ ልጅና የአባቱ ደብዳቤ አርቃቂ። በአዳራሹ ሲያልፍ ሴቶቹ ፈገግ ብለው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ሰላምታ ይመስለውና ባርኔጣውን ያነሣላቸው ነበር።

«ስለ ጆሮህ እኮ ነው የሚያወሩት» ብላ የነገረችው ከሸማኔዎቹ አንዷ፣ አኒስ ከርሾ ናት። «ንፋስ ቢነሣ ይዞህ ይሄዳል እያሉ።»

ያኔ ነው የወደዳት። እውነቱን የነገረችው የመጀመሪያዋ ሰው ስለሆነች ይሁን፣ ስትነግረው ዓይኗ ስለሳቀ ይሁን፣ እሱ ራሱ ለይቶ አያውቅም።

አሁን ሴቶቹ አይስቁበትም። ለምን እንደሚማር ያውቃሉ። አኒስ ከከተማው በላይ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ኮረብታ ላይ ባለው የሳንባ ሕሙማን ሆስፒታል ከተኛች ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። በኖቬምበር ነቀርሳው ከሳንባዋ ወደ ጉሮሮዋ ወጣ። ሐኪሞቹ ጉሮሮዋ እንዲያርፍ ብለው ድምፅ ከለከሏት፤ ማንሾካሾክ እንኳ አይፈቀድላትም። ለሸማኔ ይህ ምንም አይደለም ተባለ። የዚያ ክፍል ሴቶች ግማሾቹ ከአንድ ፋብሪካ የመጡ ስለሆኑ በከንፈር እንደልባቸው ያወራሉ። ወሬዋን የማይሰማት ክሌመንት ብቻ ነበር። በዚያው ወር ደግሞ አኒስ ለእሱ ደብዳቤ መጻፍ አቆመች።

ለምን እንዳቆመች ያወቀ መስሎታል። ይህንኑ በትምህርቱ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሳይናገር ተሸክሞት ቆየ፤ በመጨረሻው እሑድ ግን ለዚላ አወጣው።

«ሚስስ ፖላርድ፣ ያቺ አዳራሹ በር ላይ የተለጠፈችው ደብዳቤ... የጻፍኳት እኔ ነኝ።»

ዚላ ሻይ እየቀዱ ነበር። ቀድተው ጨረሱ። «ስምህ እኮ ታችዋ አለ፣ ሆዴ። ማንበብ እንችላለን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መወርወሪያው ውስጥ ያለው ማግ ባለቀ ቁጥር ሸማኔዋ ሌላ ቀሰም ትከታለች፤ የክሩን ጫፍ በመወርወሪያው ጎን ካለችው ቀዳዳ ለማውጣት ደግሞ አፏን ገጥማ ትስባለች። መወርወሪያ መሳም ይሉታል። በቀን ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ጊዜ ትስማለች። ጠዋት አንዷ የሳመችውን ከሰዓት ሌላዋ ትስመዋለች። የዚላም የፊት ጥርስ የሄደው በዚሁ ነው። የከተማው ጤና ሹም፣ ሳንባ ነቀርሳ ከዌድሾ እንዲጠፋ ከተፈለገ ክሩ በአፍ ሳይሆን በእጅ የሚሰካበት መወርወሪያ ይገዛ ብሎ ለፋብሪካው ጻፈ። ሚስተር ቶርሊም ልጃቸውን ጠርተው፣ በሽታው በዚህ መንገድ ለመተላለፉ ምንም ማስረጃ የለም ብለህ መልስ ስጥ አሉት። ክሌመንት መልሱን አረቀቀ፤ ጥሩ አድርጎ፣ ቃል እየመረጠ። አባቱ ጽሑፉን ስለወደዱት ሴቶቹ ጥያቄ እንዲያቆሙ ብሎ አንዱን ቅጂ አዳራሹ በር ላይ አስለጠፉት። ይህ የሆነው አኒስ አልጋ ላይ እያለች ነው።

«አባቴ ያለውን ነው የጻፍኩት» አለ ክሌመንት።

«እሱማ ነው።»

«እናቷ ነግረዋት ይሆን?»

ዚላ ሲኒውን ወደ እሱ ገፉት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልነበረውም። ክሌመንት ግን አሁን ያነባል። «አንተ ብትሆን አትናገርም ነበር?» ነው ያሉት።

ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ።

*

አኒስ ስትጽፍለት በነበረ ጊዜ ደብዳቤዎቿ በክሌመንት እናት እጅ ያልፉ ነበር። ሚስስ ቶርሊ ክፉ ሴት አልነበሩም። ታናሽ እኅታቸውን በዚሁ በሽታ ቀብረዋል፤ ስለዚህ ከዚያ ኮረብታ የመጣ ወረቀት ሁሉ ሞት ያዘለ ይመስላቸዋል። ፖስታው ሲመጣ በመቆንጠጫ ይዘው ምድጃ ውስጥ ይከቱታል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ያበስሉትና ጫፉ ቡናማ ሆኖ፣ ገና ትኩስ እንደሆነ ለልጃቸው ይሰጡታል። ክሌመንት የፍቅር ደብዳቤውን ጣቱ እየተቃጠለ ያነብብ ነበር።

«እኔ የፈለግሽውን አደርጋለሁ፣ እማ» ብሏቸዋል አንድ ቀን። «ግን አታቃጥዪው። አንድ ቃል እንኳ ቢጠፋብኝ አልወድም።»

«ሸማኔ መሆኗን ችዬው ነበር» አሉት። «ይህንን ግን እንዴት ልቻለው? አንተ አንድ ነህ።»

አባቱ ደግሞ ስሟን ቤት ውስጥ ጠርተውት አያውቁም። «ያቺ ሕመምተኛ» ነበር የሚሏት፤ እንደ ተበላሸ ዕቃ።

በሆስፒታሉ የመጀመሪያ በጋዋ ላይ ደብዳቤዎቹ ረዘሙ። ሕክምና በመላው አገር ነጻ ሆኗል፤ ከዚያም በላይ አዲሱ መርፌ፣ ስትሬፕቶማይሲን የሚሉት፣ ለሆስፒታሉ ደርሶ ነበር። የመጣው ለጥቂት ሰው ብቻ ስለነበር ሐኪሞቹ በሽታው ገና ያልጠናባቸውንና ዕድሜያቸው ለጋ የሆኑትን መረጡ። አኒስ ተመረጠች። ባልተመረጡት ዓይን ፊት በየስድስት ሰዓቱ ስትወጋ ታፍር እንደነበር ጽፋለታለች።

«ክሌም» ትላለች ከደብዳቤዎቿ አንዷ፤ «ዛሬ ሁለት እንቁላል በልቼ የጎረቤቴን እንቁላል ሦስተኛ ላደርገው ስመለከት ተያዝኩ። ትኩሳቱ ከሄደ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ሐኪሙ ራጄን ብርሃን ላይ አንሥቶ ዝም ብሎ ቆየና ፈገግ አለ፤ ሐኪም ፈገግ ሲል አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ። በፀደይ እወርዳለሁ። ቀሚስ ይጠበኛልና አዲስ ማሰፋት አለብኝ። ስመጣ ከሁሉም በፊት በዋናው መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ክንድህን ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። አባትህም ቢሆኑ በመስኮት ይዩን።»

ይህችን ደብዳቤ ክሌመንት በልቡ ያውቃታል።

በዚያን ጊዜ መርፌውን ብቻውን ነበር የሚሰጡት። በሽታው ሁለት ሦስት ወር አንገቱን ይደፋና መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ከዚያ ወዲያ መርፌው ውኃ ነው። ሌላ መድኃኒት አብሮ ሲሰጥ በሽታው መሸሻ እንደሚያጣ የታወቀው ኋላ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚያው አልጋዎች ላይ የተኙ ሴቶች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው በአውቶቡስ ወርደዋል። አግብተዋል፤ ወልደዋል፤ ዛሬ ገበያ ላይ ከሌላው ሰው አይለዩም። ኋላ ደግሞ አልጋዎቹ ባዶ ሆኑ፤ ሆስፒታሉም ተዘጋ። አኒስ የቀደመችው በሁለት ዓመት ብቻ ነው። ይህን ማሰብ ለማንም አይጠቅምም፤ ግን ሰው ያስባል።

በሴፕቴምበር ትኩሳቱ ተመለሰ። በኦክቶበር ደብዳቤዎቹ አጠሩ። በኖቬምበር የመጣው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ድምፄን ወሰዱብኝ፤ አትጨነቅ» የሚል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሚስስ ቶርሊ መቆንጠጫውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ክሌመንት መሳቢያው ሲዘጋ ሰማ፤ እናቱ እፎይ ማለታቸውንም ሰማ፤ በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ብቸኝነት ተሰምቶት አያውቅም።

*

ጥየቃ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። ከሦስት ወር ወዲህ ክሌመንት ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለቱንም ጊዜ «ታርፋለች» ተብሎ ከበር ተመልሷል። በፌብሩዋሪ ግን አውቶቡሱ ላይ የአኒስ እናት ሄስተር ከርሾ ነበሩ። መንግሥት ከሚያድለው ራሽን ያተረፉትን ሁለት እንቁላል በጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ክሌመንት ባርኔጣውን አነሣላቸው፤ እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። እስከ ኮረብታው አናት ድረስ ወንበር ለወንበር ተራርቀው ሄዱ። ሲወርዱ ብቻ፣

«ሚስተር ክሌመንት፣ ባይመጡ ይሻል ነበር» አሉት።

«እሷ ናት እንደዚያ ያለችው?»

«እኔ ነኝ የምለው። እርስዎ ዕድሜ አለዎት።»

«ከአንዴ በላይ አልጠይቅም፣ ሚስስ ከርሾ። ካላየሁዋት ግን አልሄድም። እዚህ በረዶው ላይ እቆማለሁ።»

ሄስተር አዩት። ብዙ ሌሊት ያልተኛ ሰው ፊት ነው ያዩት። «እንግዲህ ከኋላዬ ይሁኑ» አሉና ቀደሙት።

ከተማው ውስጥ ኢንፍሉዌንዛ ገብቶ ስለነበር በዚያ ሳምንት ጠያቂ ወደ ክፍል አይገባም ተብሎ ነበር። ጠያቂው ሁሉ ደጅ፣ በረንዳው ላይ፣ ከትልልቁ የመስታወት በር ውጭ ይቆማል፤ በሽተኛው ከውስጥ ነው። በየበሩ ሰው ተኮልኩሎ መስታወቱን በእጅጌው ይወለውላል። ከፋብሪካው የመጡት እንደልባቸው በከንፈር ይጫወታሉ። ሌሎቹ ይጮኻሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም።

የአኒስ አልጋ ከመስታወቱ ሁለት እርምጃ ይርቃል። በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ጸጉሯን አሳጥረውታል። ሹራቧን እስከ አገጯ ቆልፋለች። ጉንጯ ቀልቷል፤ ያ መቅላት የጤና እንዳልሆነ ክሌመንት ያውቃል፤ ሆኖም ውብ ናት ብሎ አሰበ፤ ወዲያው ደግሞ እንደዚያ በማሰቡ አፈረ። ዓይኗ ከእናቷ ትከሻ በላይ አገኘው። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ያቺው በአዳራሹ ውስጥ ስለ ጆሮው የነገረችው ልጅ ተመለከተችው። ከዚያ ፊቷ ተዘጋ። ወደ እናቷ ዞረችና ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ።

የሄስተርን ፊት ክሌመንት አያይም፤ ከኋላቸው ነው የቆመው። የአኒስን ግን ያያል። እሷም አልተሸሸገችም። ከእሱ ፊት እንደ ልቧ መናገር ለምዳለች፤ ዓመት ሙሉ ከጓደኞቿ ጋር እያማችው በፈገግታ ሲያልፍ ኖሯል።

«ለምን አመጣሽው?» አለች።

እናቷ አንድ ነገር መለሱ።

«ከስቷል። አየሽ እንዴት እንደከሳ? ምን እያበሉት ነው?»

ክሌመንት እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ጨበጠ። ስድስት ሳምንት የለፋበት ትምህርት አሁን ሳያስበው ይሠራል፤ ቃላቱ እንደ ድምፅ ይገቡታል።

«ስሚኝ፣ እማ። የምልሽን ንገሪው። ሌላ ሰው አለኝ በይው። እዚሁ የታከመ ወታደር ነው በይው። ድኖ ወጥቷል፤ በፀደይ ልንጋባ ነው በይው።»

ሄስተር ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ሐኪሙ እስከ ፋሲካ ብሏል፤ ያንን እንዳትነግሪው። ይህንን እንዲያይ አልፈልግም። እሱ ያየውን ነገር አይረሳም፤ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይዞራል። ይናደድብኝ፣ እማ። ከተናደደብኝ ቶሎ ያገባል። ካዘነልኝ ግን ይቆያል።» ደክሟት አረፈች። «ጠንከር አድርገሽ ንገሪው። እንዳታለቅሺ።»

ሄስተር ከርሾ ቀስ ብለው ዞሩ። ሠላሳ ዓመት በአዳራሽ ውስጥ የሠራች ሴት ፊቷን ማዘዝ ትችላለች። ዓይናቸው ደረቅ ነበር።

«ሌላ ሰው አለኝ ትላለች፣ ሚስተር ክሌመንት። ወታደር ነው። እዚሁ ነው የተዋወቁት። በፀደይ ሊጋቡ ነው። ሁለተኛ እንዳይመጡ ትላለች።»

ክሌመንት ለማንም ያልነገረው፣ እስከ ዛሬም የሚያሳፍረው ነገር በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሆነ። እፎይ አለ። ለአንድ ቅጽበት ብቻ፣ ልክ እናቱ መሳቢያውን ዘግተው እንዳሉት፣ እፎይ አለ። በሩ ተከፍቶለታል። አውቶቡሱ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ይወርዳል። ወደ ቤቱ ሄዶ ተከዳሁ ማለት ይችላል፤ ሰው ያዝንለታል፤ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ፋሲካን መቁጠር አይኖርበትም። ይህንን ሁሉ እሷ ናት በመጨረሻ ጉልበቷ ያሰናዳችለት።

ከዚያ ቀና ብሎ አያት። አኒስ እየጠበቀች ነበር፤ ዜናው ሲደርሰው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ለማየት፤ ተናዶ ጀርባውን ሲያዞር የመጨረሻውን ለማየት። ብርድ ልብሱን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

ከሄስተር ጎን አለፈና መስታወቱ ሥር ቆመ። አፉን ከፈተ። ዚላ እንዳስተማሩት፣ ሳይቸኩል፣ ጉንጩን እየለጠጠ፣ ያለ ድምፅ፣

«ወታደሩ ስሙ ማን ነው?» አላት።

አኒስ ከንፈሯ ተከፍቶ ቀረ።

ከአጠገቡ በር ላይ የነበረች ሸማኔ ወሬዋን አቁማ አየችው። ሄስተር እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ሃ... ሃሮልድ» አለች አኒስ።

«አሁን ነው ያወጣሽለት።»

«መቼ ተማርክ?»

«እሑድ እሑድ። ሚስስ ፖላርድ ጋ። ድንችና አክስት አሁንም አልለይም። ሌላውን ግን እለያለሁ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እስከ ፋሲካ ያልሽውንም አይቻለሁ።»

አኒስ ፊቷን በሁለት መዳፏ ሸፈነች። ሳል መጣባት፤ ትከሻዋ ሲናወጥ ክሌመንት ከመስታወቱ ወዲህ ቆሞ ምንም ማድረግ አልቻለም። ሳሉ እስኪያልፍ መጠበቅ ብቻ ነው። ሄስተርም አጠገቡ መጥተው ቆሙ፤ ትከሻቸው ትከሻውን ነካው፤ አልራቁትም።

«አንተ ልጅ» አሉት በድምፅ፣ «ምነው ዝም ብለህ ብትሄድ።» ግን እንደ እናት ነው ያሉት።

አኒስ እጇን አወረደች። አልቅሳለች። «ሂድ፣ ክሌም። እለምንሃለሁ።»

«አስቀድሞ የምነግርሽ አለ። መወርወሪያውን በተመለከተ ለጤና ሹሙ የተጻፈውን መልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእጄ። አንቺ እዚህ ተኝተሽ።»

«አውቃለሁ። እማ ያኔውኑ ነግራኛለች።»

«በእሱ ነው ደብዳቤ ያቆምሽው?»

«ሁለት ቀን ጠላሁህ።»

«ከዚያስ?»

«በሦስተኛው ሰለቸኝ። ለጥላቻም እኮ ጉልበት ይጠይቃል።» የከንፈሯ ዳር ትንሽ ተነሣ። «መወርወሪያ መሳም የጀመርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ያኔ አንተ ገና ትምህርት ቤት ላቲን ትማር ነበር። ሁሉንም ጥፋት ለራስህ አትውሰድ፤ ለአባትህም ተውለት።» ከዚያ ፊቷ ከበደ። «የእኔን መኪናዎች ዶሪስ ሆልት ይዛለች ብላኛለች እማ። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ የሳምኩትን ነው የምትስመው። ለእሷ አንድ ነገር አድርግ። የጻፈ እጅ መልሶ መጻፍ ይችላል።»

«እጽፋለሁ።»

«አባትህ ያባርሩሃል።»

«ያባርሩኝ። ጆሮዬን ይዤ በንፋስ እሄዳለሁ።»

ሳቀች። ድምፅ የለውም፤ ግን ሳቀች፤ ወዲያው እንደገና ሳላት።

ሄስተር የእንቁላሉን ጨርቅ አነሡ። «ይህንን ለሲስተር ልስጥ» አሉ፣ ለማንም ያልተናገሩ መስለው፤ በረንዳውን ይዘው ወደ ማዶ ሄዱ። ክሌመንት ስለ እንቁላሉ እንዳልሄዱ ገብቶታል። የሸማኔ ልጅ ከእናቷ ዓይን ፊት ምንም ምስጢር የላትም፤ ሄስተር ዓይናቸውን ይዘው ነው የሄዱት።

አኒስ በዓይኗ ተከተለቻቸው።

«ሄደች?»

«ሄደዋል።»

«ጀርባዋን ሰጥታናለች?»

«አዎን።»

ጣቶቿ የብርድ ልብሱን ጠርዝ እንደ ድር ይነካካሉ። ከዚያ ቀና ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ አንድም ቃል እንዳያመልጠው እየተጠነቀቀች ተናገረች።

«ፈራሁ፣ ክሌም።»

አንብቦታል። እንዳላነበበ ሆኖ፣ ምናልባት ሌላ ነገር ትል እንደሆነ ብሎ፣ «ምን አልሽ?» አላት።

«ፈራሁ። ቀን ቀን ደኅና ነኝ፤ እማን አጽናናለሁ፣ ሴቶቹን አስቃለሁ፤ ሁሉም ጎበዝ ናት ይሉኛል። ሐኪሙም ጎበዝ ይለኛል። ጎበዝ አይደለሁም። መሞት አልፈልግም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በዋናው መንገድ አልሄድኩም ገና። ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ሁሉም ከንፈር ያነባል፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የምናገረው።»

ክሌመንት ቃል ፈለገ። በአእምሮው ብዙ ነበር። አዲስ መድኃኒት ይመጣል፤ ሐኪሞች ይሳሳታሉ፤ ፀደይ ሲሆን አየሩ ይሻላል፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ደብዳቤ አርቃቂ ነው፤ በሥራው ያለ ማስረጃ የሚያጽናና ዓረፍተ ነገር ሲሠራ ኖሯል። እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት አሳምረው እንደሚጽፉት ከእሱ በላይ የሚያውቅ በዌድሾ የለም። አንዱን መረጠና ከንፈሩ ላይ አደረሰው። እሷ እየጠበቀች ነው፤ ዓይኗ ከከንፈሩ አልተነሣም፤ ምን ሊዋሻት እንደሆነ ቀድማ ያወቀች ይመስላል።

የመረጠውን ተወው።

«እኔም ፈራሁ» አላት። «በጣም ነው የፈራሁት፣ አኒስ። ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

የጠበቀችው ይህንን አልነበረም። ፊቷ ለረጅም ጊዜ ተሸክማው የኖረችውን ነገር እንዳወረደች ሁሉ ላላ አለ። ትከሻዋ ወደ ትራሱ ወረደ። ሆስፒታሉ ከገባች ወዲህ ማንም ሰው ፈራሁ ብሏት አያውቅም ነበር፤ ሁሉም ጀግና ሆኖባት ብቻዋን ቀርታ ነበር።

«አትሂድ እንግዲህ» አለችው።

«አልሄድም።»

«ስቆጣም? ሂድ ስልህም?»

«ሂድ ስትይኝ የድንቹ ነገር ነው ብዬ እቆጥረዋለሁ።»

የመጨረሻው ደወል ተደወለ። ጠያቂው ሁሉ ከየመስታወቱ እየተነቀለ፣ እጁን እያውለበለበ፣ ወደ አውቶቡሱ ወረደ። ክሌመንት አልተነቃነቀም። ሲስተሯ በረንዳው ጫፍ ላይ ወጥታ ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ሄስተር ከርሾ ክንዷን ያዙና አንድ ነገር አሏት፤ ሲስተሯም ሰዓቷን አይታ ተመልሳ ገባች። በረዶ መጣል ጀምሯል። አኒስ ዓይኗ እየከበደ፣ እየነቃች፣ እንደገና እየከበደ ታየዋለች፤ በየመካከሉም አንዳንድ ቃል ታወራለታለች፤ የማይረባ ነገር፣ የጎረቤቷን ማንኮራፋት፣ ሾርባው ጨው እንደሌለው፣ ሌሊት ምን እንደሚያስፈራት። እሱም ይመልሳል።

ከዚያች ዓመት ወዲህ ክሌመንት ቶርሊ ብዙ ጊዜ ተጠይቋል፤ በሕይወትህ ደስ ያለህ መቼ ነው ይሉታል ሰዎች፣ እንዲያው ለጨዋታ። በረዶ ትከሻው ላይ ተከምሮ፣ እግሩ ደንዝዞ፣ የሚወዳት ሴት ፋሲካን እንደማታልፍ እያወቀ፣ ከመስታወት ወዲህ ቆሞ ያሳለፋት ሩብ ሰዓት ነበረች ብሎ ለማን ይናገራል? ማንም አይረዳለትም። እሱ ራሱም ያን ቀን ልቡ ውስጥ የተሰማው ነገር ደስታ መሆኑ ሲገባው ደንግጦ፣ ፊቱን ወደ በረዶው አዙሮ አለቀሰ።